ማሰሮ የጠበበውን ቡገንቪሊያ ሥሩ ሳይጎዳ ማዛወር

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ አንባቢ ስለ በረንዳቸው ቡገንቪሊያ ጽፈውልናል። ሐረጉ አፉ 30 ሳንቲሜትር በሆነ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ አምስት ዓመት ቆይቷል። ጠዋት የሚያጠጡት ውሃ ወዲያው ከታች ይፈስሳል፤ ከሰዓት በኋላ ቅጠሉ ይጠወልጋል፤ ሥሩ በማሰሮው ቀዳዳ ወጥቶ ይታያል፤ አበባውም ዘንድሮ ቀንሷል። አምና ሌላ ትንሽ ቡገንቪሊያ ወደ ትልቅ ማሰሮ አዛውረው በሁለት ሳምንት ውስጥ ቅጠሉን አርግፎ ስለደረቀባቸው ይህንኛውን ለመንካት ፈርተዋል። መቼ፣ በምን አፈርና በምን ያህል ማሰሮ ማዛወር እንደሚገባቸው ይጠይቃሉ።

መልስ፦ እመቤቴ፣ ፍርሃትዎ ተገቢ ነው። ቡገንቪሊያ በድርቅና በጠንካራ ፀሐይ የሚጸና ተክል ቢሆንም በሥሩ በኩል በጣም ስስ ነው። ብዙዎቹ የማሰሮ አበቦች ሲዛወሩ ሥራቸው አፈሩን አቅፎ ስለሚይዝ እንደ ድፎ ዳቦ ሳይፈርሱ ይወጣሉ፤ የቡገንቪሊያ ሥር ግን አፈሩን አጥብቆ አይዝም። አፈሩ ሲናድ ውሃ የሚጠጡትን፣ እንደ ክር የቀጠኑ ሥሮች እየበጠሰ ነው የሚወርደው። ሥራውን በጀመርኩበት ዘመን አንድ ደንበኛዬ ግቢ ውስጥ የነበረን ቡገንቪሊያ ግንዱን ይዤ ከማሰሮው ሳብሁት። እጄ ላይ የቀረው አራት ወይም አምስት ወፍራም ቡናማ ሥር ብቻ ያለው ግንድ ነበር፤ ነጫጮቹ የሥር ጫፎች በሙሉ ከአፈሩ ጋር መሬት ላይ ተበትነው ቀሩ። ተክሉም አልተረፈም። የእርስዎም የአምናው ቡገንቪሊያ የደረቀው በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምነግርዎ ሁሉ አፈሩ ከሥሩ ሳይለይ ከአንዱ ማሰሮ ወደ ሌላው እንዲሻገር ለማድረግ ነው።

ቡገንቪሊያ ሥሩ ትንሽ ሲጠብበት የተሻለ ስለሚያብብ በየዓመቱ ማዛወር አያስፈልግም። የእርስዎ ግን ከልክ አልፏል። ውሃው ሳይሰርግ የሚያልፈው ማሰሮው በሥር ተሞልቶ ውሃ የሚይዝ አፈር ስላነሰው ነው። ከሰዓት በኋላ የሚታየው መጠውለግና የአበባው መቀነስም ከዚሁ የመጡ ናቸው።

ለአዲስ አበባ አየር የምመርጠው ጊዜ ከየካቲት አጋማሽ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ያለው ነው። ቀኑ ሞቃት ስለሆነ የተጎዳ ሥር ቶሎ ይተካል፤ ክረምቱ ከመግባቱ በፊትም ተክሉ አዲሱን አፈር ለመልመድ ቢያንስ ሁለት ወር ያገኛል። በሐምሌና በነሐሴ ፈጽሞ አይንኩት፤ በብርድና በዝናብ ጊዜ የቆሰለ ሥር እርጥብ አፈር ውስጥ ይበሰብሳል። በኅዳርና በታኅሣሥም የሌሊቱ ውርጭ ገና ላልተደላደለ ተክል ከባድ ነው።

የማሰሮውን ስፋት በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ተክሉ ዳግመኛ እንዳይጠበው በማሰብ በጣም ትልቅ ማሰሮ በመግዛት ነው። ሥር ያልደረሰበት አፈር ውሃውን የሚጠጣለት ስለሌለ ለቀናት ርሶ ይቆያል፣ ሥሩም ከዳር ጀምሮ ይበላሻል፤ ተክሉ ቢተርፍ እንኳ አበባውን ትቶ ቅጠል ያበዛል። አሁን ካለው ከ6 እስከ 8 ሳንቲሜትር የሚሰፋ፣ ማለትም አፉ ከ36 እስከ 38 ሳንቲሜትር የሆነ ማሰሮ ይበቃዎታል። እንዲህ ያለው ማሰሮ እርጥብ አፈር ሲይዝ ከ40 ኪሎ በላይ ሊመዝን ስለሚችል፣ አስቀድመው ቋሚ ቦታው ላይ አድርገው እዚያው ይሙሉት። ከማሰሮው በታች ሦስት የጡብ ስባሪ ያስገቡለት፤ ቀዳዳው ወለሉ ላይ ተለጥፎ አይደፈንም።

ለአፈሩ ሁለት እጅ ቀይ የአትክልት አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ ደግሞ ለግንባታ የሚሸጠው ሬድ አሽ ያዋህዱ። ሬድ አሹን ወንፍተው ዱቄቱን ያስወግዱ፤ የሽምብራ ፍሬ የሚያህለው ነው የሚፈለገው። ጥቁር አፈር አይጠቀሙ፤ ሲረጥብ ይጨቀያል፣ ሲደርቅ ተሰንጥቆ ቀጫጭኑን ሥር ይበጥሳል። ብዙ ሰው ውሃ እንዲወርድ ብሎ ከማሰሮው ሥር የሚደለድለውን ጠጠርም እንዲተዉት እመክራለሁ። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ሻካራ ጠጠር በቀላሉ አይወርድም፤ ከጠጠሩ በላይ ያለው አፈር ጠጥቶ እስኪጠግብ ድረስ እዚያው ይጠራቀማል። ስለዚህ ጠጠሩ የረጠበውን አፈር ወደ ሥሩ ያስጠጋዋል እንጂ አያደርቀውም። ቀዳዳው ላይ አፈሩን የሚያግድ ቁራጭ የወንፊት ሽቦ በቂ ነው።

ከማዛወርዎ በፊት በነበረው ቀን በደንብ ያጠጡት። ደረቅ አፈር ይበተናል፣ ጭቃ የሆነም ይናዳል፤ አንድ ሌሊት ያደረ እርጥበት ግን አፈሩን አያይዞ ይይዛል። በማግስቱ ከበረንዳው ብረት ጋር ያሰሩበትን ገመድ ሁሉ ይፍቱ፤ የናይለን ገመድ ቅርፊቱን ሰርስሮ ገብቶ ከሆነ ሳይጎትቱ በመቀስ ቆርጠው ያውጡት። ከዚያ ቅርንጫፎቹን በሲሶ ያህል ይግረዙ። ለአበባው አይሳሱለት፤ ቡገንቪሊያ የሚያብበው በአዲስ ቀንበጥ ላይ ነው። እኛ አበባ የምንለው ሮዝ ቀለም በእውነቱ ቅጠል ሲሆን፣ እውነተኞቹ አበቦች በመካከሉ ያሉት ጠባብ ነጫጭ ቱቦዎች ናቸው። እሾሁ ክፉ ስለሆነ የቆዳ ጓንት ያድርጉ።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ እንምጣ። ሥሩ በቀዳዳው ስለወጣ ተክሉን ከማሰሮው ልሳብ ቢሉ መበጠሱ አይቀርም፤ ስለዚህ የምመክርዎ ማሰሮውን እንዲሰብሩት ነው። የሸክላ ማሰሮ ይተካል፣ የአምስት ዓመት ሥር ግን አይተካም። ማሰሮውን በጎኑ አስተኝተው በጆንያ ይጠቅልሉትና በትንሽ መዶሻ ዙሪያውን ቀስ እያሉ ይምቱት፤ ድምፁ ከጠራ ወደ ታፈነ ሲለወጥ ተሰንጥቋል ማለት ነው። ስባሪውን አንድ በአንድ ያንሱ፤ ከሥሩ ጋር የተጣበቀ ካለ እዚያው ይተዉት። በአዲሱ ማሰሮ ውስጥ፣ አሮጌው አፈር የነበረበትን ከፍታ እንዲይዝ አስቀድመው አፈር ይደልድሉ። ከዚያ ሁለት ሰው ሆናችሁ የጆንያውን አራት ማዕዘን ይዛችሁ አንሱት፤ ግንዱን መያዝ እንዳይወድቅ ለመደገፍ ብቻ ነው። ጆንያው ከሥሩ ቀስ ተብሎ ይወጣል፤ የማይወጣ ከሆነ በመቀስ ይቆረጣል። ዳር ዳሩን የተጠመጠመውን ሥር በሌላ ተክል እንደምናደርገው አይፍቱ፣ አያበጥሩም፤ የጠቆረና ሲነኩት የሚሟሽሽ ካለ እሱን ብቻ ቆርጠው ያውጡ። ክፍተቱን በአዲሱ አፈር ሞልተው በጣትዎ ቀለል አድርገው ይጫኑት። ግንዱ ቀድሞ ከነበረው ጥልቀት በላይ መቀበር የለበትም።

እንደጨረሱ ውሃው ከታች እስኪወጣ ድረስ አንድ ጊዜ ያጠጡት፤ ሳህን ካለው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይድፉለት። ለአሥር ቀን ያህል ብርሃን ባለበት ጥላ ሥር ይሁን፤ ማሰሮው ከቦታው ስለማይነሳ በበረንዳው ብረት ላይ ነጭ ነጠላ ጨርቅ ቢጋርዱለት ይበቃል። ከዚያ በኋላ ጨርቁን መጀመሪያ ለጠዋት ፀሐይ፣ በሳምንቱ ደግሞ ለሙሉ ቀን ያንሱት።

በዚህ ጊዜ ቅጠሉ ሊረግፍ ይችላል፤ አብዛኛውን ሰው የሚያሳስተው ደግሞ ይህ ነው። ተክሉ ውሃ ጠምቶት መስሏቸው በየቀኑ ያጠጡታል፣ ቅጠል የሌለው ተክል ግን ውሃ የሚጠጣው በጣም ጥቂት ስለሆነ ሥሩ ይበሰብሳል። እርስዎ ጣትዎን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ያስገቡ፤ ደረቅ ካልሆነ አያጠጡ። በሕይወት መኖሩን ለማወቅ ቅርፊቱን በጥፍርዎ ትንሽ ፋቅ ያድርጉት፤ ከቅርፊቱ በታች አረንጓዴ ከታየ ተክሉ አለ፣ ይታገሡት።

ለስድስት ሳምንት ያህል ምንም ዓይነት ማዳበሪያ አይስጡት። ዩሪያ ግን ከዚያም በኋላ አይሆነውም፤ ቅጠሉን አብዝቶ አበባውን ይከለክላል። አዳዲሶቹ ቀንበጦች አንድ ስንዝር ሲያድጉ በአፈሩ ላይ ሁለት እፍኝ ኮምፖስት መጨመር ይበቃል፤ ቀንበጦቹን ከብረቱ ጋር የሚያስሩት ያኔ ነው፣ እሱንም በናይለን ሳይሆን በጨርቅ ቅዳጅ ላላ አድርገው።