ዴኩ ነው ወይስ ገመዱ? ስለ ዲቪዲ ማጫወቻ ጥያቄና መልስ

እንዴት ሰነበታችሁ። ባለፈው ሳምንት ስለ ዲቪዲ ዴክ የምትጠይቁት ካለ ወዲህ በሉ ብዬ ነበር። በፍላሽና በስልክ ዘመን ማን ዴክ ይጠይቃል ብዬ ሶስት አራት ጥያቄ ነበር የጠበቅሁት። ጎረፈ። ለካ ባሕር ዳር ውስጥ ቁም ሳጥን ላይ የሰርግ ዲስክ ያላስቀመጠ ቤት የለም። እኔ ገበያው አካባቢ ዴክና ቲቪ ስጠግን ከአስራ አምስት ዓመት በላይ ሆኖኛል፤ የማውቀውን እነግራችኋለሁ። የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ ጨፍልቄያቸዋለሁ፣ ቅር አይበላችሁ።

ጥያቄ (ከቀበሌ 14)፦ ሱቅ ውስጥ ሁለት ዴክ አየሁ። አንዱ ካርቶኑ ላይ «1080 አፕስኬሊንግ» ይላል፣ ዋጋው የሌላውን እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። ዲቪዲዬን ኤችዲ ያደርግልኛል?

አያደርገውም ወንድሜ። በእኛ አገር በሚሰራበት፣ ፓል በሚባለው የምስል ስርዓት፣ ዲቪዲ ላይ ያለው ምስል 720 በ576 ነጥብ ነው። ሙሉ ኤችዲ ቲቪ 1920 በ1080 ነው። አባዛው። ዲስኩ 414,720 ነጥብ ይዞ ይመጣል፣ ስክሪኑ 2,073,600 ይፈልጋል። ልክ አምስት እጥፍ። አንዱ ከዲስኩ መጣ፣ አራቱስ? ከጎረቤቶቻቸው ተገምተው ይሞላሉ። አፕስኬል የሚሉት ይኸንኑ ግምት ነው። ጎበዝ ገማች ጠርዙን ያለሰልሳል፣ ቀሽሙ ወይ ያደበዝዘዋል ወይ እንደ ደረጃ ያደርገዋል። ካሜራው ያላየውን የቀሚስ ጥልፍ ግን ማንም ገምቶ አያመጣውም።

ደግሞ አንድ ነገር አለ። ጠፍጣፋ ቲቪ የመጣለትን ማንኛውንም ምስል ራሱ አጉልቶ ነው ስክሪኑን የሚሞላው። ግድ ነው፣ ሌላ ምርጫ የለውም። ስለዚህ ዴኩ ባያጎላው ቲቪው ያጎላዋል። ለዴኩ አፕስኬል ገንዘብ የምታወጣው ዴኩ ከቲቪህ የተሻለ ገማች ከሆነ ብቻ ነው፤ ርካሽ ዴክና ደህና ቲቪ ካለህ ደግሞ ብዙ ጊዜ የተሻለው ቲቪው ነው።

ያም ሆኖ የሁለቱን ጀርባ አዙረህ እይ። ርካሹ ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ቀዳዳ ብቻ ካለው፣ ያኛው ደግሞ ኤችዲኤምአይ (ምስልና ድምፅ በአንድ ገመድ የሚወጣበት ጠፍጣፋ ቀዳዳ) ካለው፣ ጨምረህ ያኛውን ግዛ። ገንዘቡን የምትከፍለው ግን ለቀዳዳው ነው፣ ካርቶኑ ላይ ለተጻፈው አይደለም።

ጥያቄ (ከሽምብጥ)፦ ገመድ ያን ያህል ለውጥ አለው? ባለ 3 ቀለሙስ ምን አጠፋ?

አለው፣ በጣም። በቢጫው ገመድ ቀለሙም ብርሃኑም በአንድ ሽቦ ተደባልቆ ነው የሚሄደው። ቲቪው ጋ ሲደርስ እንደገና መለየት አለበት፣ ሲለይ ይሳሳታል። የነጠላ ጥለት ያለበት ቦታ ላይ አቁመህ እይ፤ ቀዩ ከመስመሩ ወጥቶ ወደ ነጩ ይፈስሳል። ቀጫጭን መስመር ያለው ሸሚዝ ላይ ደግሞ የሌለ ቀስተ ደመና ይታያል። በኤችዲኤምአይ ይሄ ጣጣ የለም፣ ከዲስኩ እስከ ስክሪኑ በቁጥር ነው የሚሄደው።

በወርቅ የተለበጠ ገመድ ሲያሳዩህ ግን ሳቅ ብለህ እለፍ። ለአንድ ሁለት ሜትር ተራው ይበቃል። ኤችዲኤምአይ ሲበላሽ ይቆራረጣል፣ ነጠብጣብ ያበዛል ወይ ጭራሽ ይጠፋል እንጂ ቀለም አያደበዝዝም።

ጥያቄ (ከአባይ ማዶ፣ አንዲት እህት)፦ የሰርጌ ዲቪዲ በድሮው ወፍራም ቲቪ ጥርት ይል ነበር። አዲሱ ቲቪ ላይ ሰው ሲንቀሳቀስ ዳር ዳሩ ይሰነጣጠቃል። ዲስኩ ተበላሽቶ ነው?

ከሁሉም የወደድኩት ጥያቄ ይሄ ነው። ዲስክሽ ደህና ነው እህቴ።

የዚያን ጊዜ የሰርግ ካሜራ ሙሉ ምስል በአንዴ አይቀርጽም። በሰከንድ 50 ጊዜ ግማሽ ግማሽ ነው የሚያነሳው። መጀመሪያ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸውን መስመሮች፣ ቀጥሎ ሙሉ ቁጥር ያላቸውን። ወፍራሙ ቲቪም የሚስለው በዚያው መንገድ ስለነበረ ሁለቱ ይግባቡ ነበር። ጠፍጣፋው ቲቪ ሙሉ ምስል ነው የሚያሳየው፣ ስለዚህ አንድ ሰው ሁለቱን ግማሾች ማጋጠም አለበት፤ ወይ ዴኩ ወይ ቲቪው። ሰው ቆሞ ከሆነ ይገጥማል። እስክስታ ላይ ግን በመጀመሪያው ግማሽና በሁለተኛው መሀል ትከሻው ቦታ ለውጧል! ዝም ብለህ ብታጋጥመው ትከሻው የማበጠሪያ ጥርስ ይመስላል። አንቺ «ይሰነጣጠቃል» ያልሽው እሱን ነው።

ባለፈው ጥምቀት ሰሞን በ2000 ዓ.ም. የተቀረጸውን የእህቴን ሰርግ ዲስክ ይዤ ሶስት ዴክ በአንድ ቲቪ ላይ ሞከርኩ። የመልሱ ቀን ላይ አንድ አጎታችን እስክስታ የሚወርድበት ቦታ አለ፣ እዚያችው ላይ እየመለስኩ። አሮጌው ዴክ በቢጫ ገመድ፦ ቀለሙ የፈሰሰ፣ የአጎቴ ትከሻ ሙሉ ማበጠሪያ። ሁለተኛው ስሙ የማይታወቅ ርካሽ ዴክ በኤችዲኤምአይ 1080 ላይ፦ ማበጠሪያው ጠፋ። ነገር ግን ግማሹን መስመር ጥሎ የቀረውን ስለሚያባዛው የድንኳኑ ገመድና የመሶቡ ጠርዝ ሽቅብ ቁልቁል ይንቀጠቀጣል። ሶስተኛው ያገለገለ የሶኒ ብሉሬይ ነው፤ የኤችዲ ዲስክም ዲቪዲም የሚያጫውት ዴክ። እሱ የቆመውን ነገር ከሁለቱም ግማሾች ይወስዳል፣ የሚንቀሳቀሰውን ብቻ ይገምታል። ትከሻው ለስላሳ፣ መሶቡም አርፎ ተቀመጠ።

አሁን ስሙኝማ። ርካሹን ዴክ ሜኑው ውስጥ ገብቼ ከ1080 ወደ 576አይ አወረድኩት፤ ማለትም «አንተ አትንካው፣ ግማሾቹን እንዳሉ ለቲቪው ላክ» አልኩት። ቲቪው ደህና ስለነበረ ምስሉ ብሉሬዩን ሊያክል ምንም አልቀረውም። ካርቶኑ ላይ የተጻፈበትን ነገር አጥፍቼ ነው የተሻለ ምስል ያገኘሁት ማለት ነው። አንዳንድ ዴክ ይህ ምርጫ የለውም፣ የአንቺው ካለው ግን ሌላ ከመግዛትሽ በፊት ሞክሪው። ነጻ ነው።

ጥያቄ (ከፖሊ አካባቢ)፦ ወንድሜ ከአሜሪካ አሪፍ ዴክ ልላክልህ ብሎኛል። ልቀበል?

ጀርባው ላይ ያለችውን ጽሑፍ ፎቶ አንስቶ ይላክልህ። «100-240» ካለ እሺ። «120» ብቻ ካለ፣ የእኛ መብራት 220 ስለሆነ ያለ ትራንስፎርመር ስትሰካው ያጨሳል። እኔ ጋ ከእነ ፕላስቲኩ የመጣ አለ፤ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሰራ።

መብራቱን ቢያልፍ ሁለት ነገር ይቀራል። ኦሪጅናል ዲስክና ዴክ በሚሸጥበት አካባቢ በዞን ይከፈላል። የአሜሪካው ለዞን 1 ነው የተሰራው፣ እኛ ዞን 5 ነን፣ ከአውሮፓ የሚመጣ ኦሪጅናል ዲስክ ደግሞ ዞን 2። ቤት ውስጥ የተቀዳ የሰርግ ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ ዞን የለውም፣ ስለዚህ እዚህ ላይ አይቸግርህም። የሚቸግርህ ፓሉ ነው። የእነሱ የምስል ስርዓት ኤንቲኤስሲ ይባላል፣ 720 በ480 ነው፤ ብዙዎቹ የአሜሪካ ዴኮች የእኛን ፓል ዲስክ አያጫውቱም። በአንጻሩ እዚህ የሚሸጠው ርካሹ ዴክ አብዛኛው ሁለቱንም ያጫውታል። ወንድምህ የዴኩን ብር ይላክልህ።

ጥያቄ (ከዲያስፖራ ሰፈር)፦ ያገለገለ ብሉሬይ ይሻላል ወይስ አዲስ ዲቪዲ ዴክ?

ለምስል ብቻ ከሆነ ከታወቀ ድርጅት የወጣ ያገለገለ ብሉሬይ ይሻላል፣ እጥፍ ካልጠየቁህ በስተቀር። ውስጡ ያለው ቺፕ ለትልቅ ምስል የተሰራ ስለሆነ ዲቪዲውንም በእንክብካቤ ነው የሚይዘው።

ግን ተጠንቀቅ፣ የድሮ የአማርኛ ፊልምና ድራማ ቤትህ ካለ አብዛኛው ቪሲዲ ነው። ለሁለት ተከፍሎ በሁለት ዲስክ የሚመጣው። ብዙ ብሉሬይ ቪሲዲ አያነብም፣ «የማይታወቅ ዲስክ» ብሎ ይተፋዋል። ርካሹ ዲቪዲ ዴክ ግን ያለ ምንም ኩርፊያ ይበላዋል። እናትህ የምታየው ቪሲዲ ከሆነ ብሉሬዩን ተወው። ከቪሲዲ ጥራት ደግሞ ብዙ አትጠብቅ፤ 352 በ288 ነው፣ የዲቪዲ ሩብ። ለእሱ የሚረዳው አፕስኬል አንድ ነው፦ ሶፋውን ወደ ኋላ መግፋት።

ጥያቄ፦ ስምንት ፊልም በአንድ ዲቪዲ የሚሸጠውስ ለምንድን ነው እንዲህ የሚደበዝዘው? ዴኬ ነው?

ዴክህን አትማው። ተራ ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት ነው የሚይዘው። ለአንድ ፊልም የተሰራን ቦታ ስምንት ፊልም ከጨመቁበት ጥላ ያለበት ቦታ ሁሉ እንደ ሸክላ ጡብ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ይሆናል። በጥሩ ዴክ ስታጎላው ሸክላውም አብሮ ይጎላል።

ጥያቄ፦ ኦፖ የሚባል ዴክ ምርጥ ነው ይላሉ። እውነት ነው? ደግሞ ቲቪዬ 4ኬ ነው።

እውነት ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. አካባቢ ያወጡት ዲቪ 983 የሚባለው፣ አንከር ቤይ የተባለ ድርጅት የሰራውን ምስል አጉሊ ቺፕ ይዞ ለዲቪዲ ምስል እንደ መለኪያ ይቆጠር ነበር። ድርጅቱ ግን በ2018 እ.ኤ.አ. አዲስ ዴክ መስራት አቆምኩ ብሏል። አሁን ያገለገለው እንኳ ውድ ነው፣ ቢበላሽም ባሕር ዳር ላይ መለዋወጫ አታገኝለትም። እኔ አልገዛውም። 4ኬ ቲቪ ከዲቪዲው 20 እጥፍ ነጥብ ነው የሚፈልገው፤ ያንን ለቲቪው ተወው፣ ራሱ ያውቅበታል።

ጥያቄ (እንዲሁ ከአባይ ማዶ)፦ ሙሽራዋ ወፍራ ትታያለች። ሳቁብኝ ግን እውነቴን ነው።

አልስቅም፣ ትንሽ ብቻ። የድሮ ቀረጻ 4 በ3 ነው፣ ቲቪሽ 16 በ9። ቲቪው ወደ ጎን ጎትቶ ሞልቶታል። ሪሞቱ ላይ የስክሪን መጠኑን 4 በ3 አድርጊው፣ ግራና ቀኝ ጥቁር ይሆናል፣ ሙሽራዋም ወደ ኪሎዋ ትመለሳለች። እዚያው እያለሽ «ሻርፕነስ» የሚለውን አውርጂው። ከፍ ሲል ምስሉን አያጠራም፣ በሰው ዙሪያ ነጭ ክር ነው የሚያስርበት። ከዚያ «ሲኒማ» ወይም «ሙቪ» የሚለውን ምረጪ። ለቲቪ ያን ያህል የሚጠቅም ነጻ ነገር አላውቅም።

ጥያቄ (ከዘጌ)፦ ዴኩ ዲስክ አላነብ አለኝ። ሌንሱን በካቲካላ ጠረግሁት፣ ባሰበት።

ኧረ ጋሼ! ካቲካላ ውስጥ ውሃም ሌላ ነገርም አለ፣ ሲደርቅ ሌንሱ ላይ ቆዳ ትቶ ይሄዳል። ከፋርማሲ ወይም ከጥገና ሱቅ አይሶፕሮፒል አልኮል ይግዙ፣ ጆሮ መጥረጊያ ጥጥ በጥቂቱ አርጥበው ሳይጫኑ ይንኩት። ዴኩን ግን አስቀድመው ከመብራት ነቅለው። ዲስኩን ደግሞ ከመሀል ወደ ዳር ቀጥ አድርገው ይጥረጉ፣ ዙሪያውን አያሽከርክሩት። ሐይቁ ዳር ስለሆኑ ጠዋት ጠዋት ርጥበት አለ፤ ቀዝቃዛ ቦታ ያደረ ዴክ ሌንሱ ጉም ስለሚይዝ ከፍተው ትንሽ ሳይሞቅ ዲስክ አይስጡት።

ጥያቄ፦ አንድ ቤት የሰርግ ዲቪዲህን በኤአይ 4ኬ እናደርግልሃለን አሉኝ። ላሰራ?

መጀመሪያ የአንድ ደቂቃ ናሙና አሰራ። እኔ አሰርቼ አክስቴን ሌላ ሴትዮ አድርገው መለሱልኝ። ፊቷ የጠራ፣ ቆዳዋ የለሰለሰ፣ ግን እሷ አይደለችም። ጨርቅና ዛፍ ላይ ያምራል፣ ራቅ ያለ ፊት ላይ ግን ከራሱ ይፈጥራል። ከዚያ በፊት ዲስኩን እንዳለ ኮምፒውተር ላይ ገልብጠህ ሁለት ቦታ አስቀምጥ። የተቀዳ ዲቪዲ መረጃውን የሚይዘው በቀለም ንብርብር ነው፣ ፀሐይና ሙቀት ይበላዋል። ኮምፒውተር ላይ ቪኤልሲ በሚባለው ነጻ የቪዲዮ ማጫወቻ ስታየው፣ ግማሾቹን የሚያጋጥመውን «ዲኢንተርሌስ» የሚለውን ከፍተህ «ያዲፍ»ን ብትመርጥ ማበጠሪያው ይጠፋል፤ ከብዙ ዴክ ይሻላል።

የመጨረሻ ጥያቄ (ከጊዮርጊስ አካባቢ)፦ ነገ ያገለገለ ዴክ ልገዛ ነው። ምን ይዤ ልሂድ?

የሰርግ ዲስክህን፣ አንድ ቪሲዲ፣ አንድ ፍላሽና የራስህን ኤችዲኤምአይ ገመድ። ሱቁ ራሱ የሚያሳይህን ዲስክ አትመልከት፣ እሱ በማንኛውም ዴክ ያምራል። እስክስታው ያለበት ቦታ ሂድና ትከሻ ትከሻ እይ። ዲስኩን እስከ መጨረሻው አሳልፈህ ሞክር፤ የደከመ ሌንስ ብዙ ጊዜ የሚያንቀው ወደ ዳር ሲደርስ ነው። በሩንም አምስት ስድስት ጊዜ ክፈት ዝጋ።

ቤት ያለውን የድሮውን ዴክ ከሸጥከው ደግሞ ዲስኩን ማውጣት አትርሳ። ባለፈው ወር ያገለገለ ዴክ ገዝቼ በሩን ስከፍተው የሆነ ልጅ ክርስትና ውስጡ ቀርቷል። ቆንጆ ሕፃን ነው፣ ቄሱ ውሃውን ሲያፈሱበት ካሜራውን አፍጥጦ ያያል። ባለቤቶቹን እስካሁን አላገኘኋቸውም፣ ዲስኩ ሱቄ መስኮቱ አጠገብ ተሰቅሏል። የእናንተ ከሆነ ኑ።