ፕሌቱ ላይ የታየው ቀስተ ደመና

ጥያቄው የመጣው ጀርመን ከሚኖር አንባቢ ነው። ወርክሾፕ ውስጥ ስቴንለስ ስቲል ፕሌት ላይ በፌምቶሰከንድ ሌዘር፣ ማለትም ብርሃኑን ፐልስ በሚባሉ እጅግ አጫጭር ምቶች በሚልክ ሌዘር፣ ጥቃቅን ጉድጓዶች ይጠርባል። ፕሌቱ ፕላስቲክ ላይ ሲታተም የስክሪን የኋላ መብራትን የሚያሰራጭ ገጽ ይወጣል። እንዲህ ይላል፦ «ፕላስቲኩ ደፍርሶ ይወጣል። ዘንበል ሳደርገው ቀስተ ደመና ያሳያል። የምሠራው በ1030 ናኖሜትር፣ በ10 ማይክሮጁል፣ በ1 ሜጋኸርዝ፣ በሰከንድ 1 ሜትር ፍጥነት ነው። የጨረሩ ነጥብ 30 ማይክሮሜትር ይሰፋል። ፕላስቲኩን ልቀይር?»

ወንድሜ፣ ፕላስቲኩን አትንካው። ችግሩ ፕሌቱ ላይ ነው፤ ያውም ሁለት የተለያየ ችግር።

ቀስተ ደመናውን እንይ። ፕሌቱን መብራት ስር ይዘህ ቀስ እያልክ አዙረው። በአንድ አቅጣጫ ቀለሙ ደምቆ ሩብ ዙር ስታዞረው ከጠፋ፣ ያየኸው ሌዘሩ ራሱ ያበጃቸውን ጥቃቅን ሽንትሮች ነው። በመካከላቸው ያለው ርቀት ከሞገዱ ርዝመት ጥቂት ያንሳል፤ ባንተ ሌዘር ከ1 ማይክሮሜትር በታች ማለት ነው። አቅጣጫቸውን የሚወስነው የጨረሩ ፖላራይዜሽን፣ ማለትም የብርሃኑ ሞገድ የሚወዛወዝበት አቅጣጫ ነው። ስለዚህ ጨረሩን በመስታወት ከሚያንቀሳቅሰው ስካነር በፊት ኳርተር ዌቭ ፕሌት የሚባለውን ክሪስታል ከፖላራይዜሽኑ አቅጣጫ በ45 ዲግሪ አስገባ። ፖላራይዜሽኑ ክብ ሲሆን ሽንትሮቹ በአንድ አቅጣጫ መሰለፍ ያቅታቸዋል፤ ቀለሙም ይደበዝዛል።

አደራ፣ «ላለስልሰው» ብለህ በመጨረሻ በጣም ደካማ ጨረር አታስኪድበት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሽንትሮቹ በደንብ የሚበቅሉት ጨረሩ ብረቱን ለማብነን በጭንቅ ሲበቃ ነው።

ድፍርሱ ግን ከሙቀት ነው። ጉድጓዶቹን በማይክሮስኮፕ ብታያቸው ጠርዛቸው ላይ ቀልጦ የረጋ ከንፈር ታገኛለህ። በሒሳብ እንየው። 10 ማይክሮጁል በ30 ማይክሮሜትር ነጥብ ላይ ሲያርፍ መሃሉ ላይ በካሬ ሴንቲሜትር 2.8 ጁል ገደማ ይሆናል። ስቴንለስ በተደጋጋሚ ፐልስ ሲመታ ግን በካሬ ሴንቲሜትር በ0.1 ጁል አካባቢ መብነን ይጀምራል። ለአንድ ጁል ብዙ ብረት የሚነሳው ከዚህ መነሻ 7 እጥፍ ገደማ ላይ ነው። አንተ 28 እጥፍ ላይ ነህ፤ ትርፉ ብረቱን እያሞቀ ይቀራል። ወደ 2.5 ማይክሮጁል አውርደውና ጥልቀቱን በዙር ብዛት አምጣው።

ፍጥነቱም አንሷል። ፐልሶቹ በ1 ማይክሮሜትር ልዩነት ይደራረባሉ፣ ስቴንለስ ደግሞ ሙቀት ቶሎ አያስተላልፍም። ፐልሱ ራሱ የቱንም ያህል ቢያጥር፣ ያለፈው ሙቀት ሳይበርድ ቀጣዩ ይደርሳል። በሰከንድ 5 ሜትር ሂድ። ስካነሩ ካልቻለ ድግግሞሹን፣ ማለትም በሰከንድ የሚወጡትን ፐልሶች ብዛት፣ ወደ 200 ኪሎኸርዝ ቀንስ። መጀመሪያ ከዚያው ብረት ቁራጭ ላይ ሞክረው።

ሲጨርስ በጨርቅ አትጥረገው። እኔ በዚህ አንድ ሙሉ ፕሌት አበላሽቻለሁ፤ የብረት ብናኙ ጉድጓዶቹ ውስጥ ተጠቅጥቆ ቀረ። አልትራሳውንድ ማጠቢያ ውስጥ በአይሶፕሮፓኖል እጠበው፤ ፈሳሹ ተቀጣጣይ ስለሆነ ማጠቢያው ለዚያ የተሠራ ይሁን። ብናኙ ክሮምና ኒኬል አለውና በምትጠርብበት ጊዜ መምጠጫው ይሥራ፤ ሳንባህን ጠብቅ።

ወደ ማተሚያው ከመውሰድህ በፊት የጥርስ ሐኪሞች ልክ የሚወስዱበትን ሲሊኮን ጥቂት አፍስስበትና ሲደርቅ ላጠው። ቅጂውን በማይክሮስኮፕ እየው። ከንፈሩ አሁንም ካለ ፕሌቱን አታትም፤ ጉልበቱን ትንሽ ቀንሰህ ሌላ ቁራጭ ላይ ድገመው።