አባቴን ይዤ ናይሮቢ ኳስ ልይ?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጅ። ደሴ ሸዋ በር አካባቢ የልብስ ሱቅ አለኝ። አባቴ 76 ዓመታቸው ነው። በ1954 አገራችን የአፍሪካ ዋንጫን ስትወስድ የ12 ዓመት ልጅ ነበሩ። ጎረቤት ቤት ሬዲዮ ስር ተቀምጠው ሰምተዋል። እስከ ዛሬ የመንግሥቱ ወርቁ ስም ሲነሳ ዓይናቸው እንባ ያቀራል። ግን ትልቅ ጨዋታ ስታዲየም ገብተው አይተው አያውቁም። በፈረንጅ አቆጣጠር የ2027ቱን የአፍሪካ ዋንጫ ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ በጋራ ስለሚያዘጋጁት ናይሮቢ ልወስዳቸው አስቤአለሁ። ወንድሜ በሞያሌ በመኪና እንሂድ፣ ርካሽ ነው ይላል። እህቴ ደግሞ ሽማግሌ ሰው አታንገላቱ ትላለች። ከየት ልጀምር? (ከደሴ)

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ ውሰዳቸው። እህትህ ለአባቷ ብትሳሳ አይፈረድባትም። ስለዚህ እንግልቱን ከወዲሁ እናስቀር።

ሰው ሁሉ የሚጀምረው ከትኬት ነው። አንተ ከማደሪያው ጀምር። ይህን የምልህ ደርሶብኝ ነው።

አባትህ በሬዲዮ የሰሙት ፍጻሜ ጥር 13 ቀን 1954 ነበር። ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸነፍን፤ አራተኛዋን ያገባው መንግሥቱ ወርቁ ነበር። ልክ በ51 ዓመቱ፣ ጥር 13 ቀን 2005፣ እኔ ደቡብ አፍሪካ ኔልስፕሩት ከተማ ስታዲየም ውስጥ ነበርኩ። ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰበት ቀን ነው። የስታዲየሙ ምሰሶዎች ቀጭኔ መስለው ተሠርተዋል። ወንበሮቹ እንደ ሜዳ አህያ ጥቁርና ነጭ ናቸው። አዳነ ግርማ ዛምቢያ ላይ ሲያገባ አጠገቤ የነበረ የማላውቀው ልጅ አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። 1 ለ 1 ተለያየን።

ማደሪያዬን ግን ጆሃንስበርግ ነበር የያዝኩት። ያው አንድ አገር ነው ብዬ። ለካ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል! ይመልስሃል የተባልኩት አውቶቡስ ሳይመጣ ቀረ። ሕዝቡ ተበተነ፣ መብራቱ ጠፋ። እኔ አንድ ነዳጅ ማደያ በረንዳ ላይ ሻንጣዬን ተንተርሼ አነጋሁ። ጉልበት ስለነበረኝ ቻልኩት። ከአባትህ ጋር እንዲህ ያለ ሌሊት እንዳያገኝህ።

ስለዚህ አንድ ከተማ ምረጥ፤ ሦስቱንም አገር ልዙር አትበል። ናይሮቢ ከሆነ ደግሞ ትኬቱ ላይ የስታዲየሙን ስም በደንብ አንብብ። ካሳራኒ በቲካ መንገድ፣ ከመሃል ከተማ ወጣ ብሎ በሰሜን ምሥራቅ ነው። አዲሱ ታላንታ ያለው በሌላው ጫፍ፣ በንጎንግ መንገድ በኩል ነው። የናይሮቢ መንገድ ሲዘጋጋ ከአንዱ ወደ ሌላው መሄድ ሙሉ ጉዞ ነው። ጨዋታችሁ ካሳራኒ ከሆነ ሮይሳምቡ አካባቢ እደሩ፣ ቅርብ ነው። ከጨዋታ በኋላ የሚወስዳችሁን ሹፌር ቀን ላይ ተስማሙት፤ የምትገናኙበትን ቦታም አብራችሁ ሄዳችሁ እዩት።

የወንድምህ ሐሳብ ላይ ግን አልስማማም። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ ሞያሌ ወደ 800 ይጠጋል፣ ከሞያሌ ናይሮቢም እንደዚያው። 2,000 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ የ76 ዓመት ወገብ ላይ አትጫን። ከአዲስ አበባ ናይሮቢ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ወንድምህ ከፈለገ በሞያሌ ይምጣ፣ እዚያ ትገናኛላችሁ። በአውሮፕላን የሚጨመረውን ብር ከሌላ ወጪ ቀንሱት።

ፓስፖርት ዛሬ ጀምሩ። የኢሚግሬሽን ቅርንጫፍ እዚያው ደሴ አለላችሁ። የአባትህ ስም በመታወቂያውና በልደት ሰርተፍኬቱ ላይ ፊደል በፊደል አንድ መሆኑን እይ፤ በእሳቸው ዕድሜ ያሉ ሰዎች ወረቀት ብዙ ጊዜ ይለያያል፣ ለማስተካከልም ቀን ይበላል። ኢትዮጵያዊ ለአጭር ጉብኝት ኬንያ ለመግባት ቪዛ አይጠየቅም። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ግን ያስፈልጋችኋል። ክትባቱን ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብላችሁ ተከተቡ። ለአባትህ ዕድሜ ሐኪም ሳታማክር እንዳታስወጋ፤ ከ60 ዓመት በላይ ላለ ሰው ጥንቃቄ ይፈልጋል።

እናታችሁ ዳቦ ቆሎና በሶ ማሰራቸው አይቀርም። ፌስታል ግን እንዳታደርጉ! ኬንያ በኛ አቆጣጠር ከ2009 ጀምሮ ከልክላዋለች፣ ቅጣቱም ከባድ ነው። በጨርቅ ከረጢት ቋጥሩት። አባትህ ጋቢያቸውንም ይያዙ። ናይሮቢ በከፍታዋ ከኮምቦልቻ ብዙም አትለይም፤ በሰኔና በሐምሌ ግን ጠዋትና ማታ ትበርዳለች።

ገንዘብን በተመለከተ ናይሮቢ ውስጥ ከታክሲ እስከ ሻይ ቤት በስልክ፣ በኤምፔሳ ነው የሚከፈለው። እንደደረሳችሁ በፓስፖርት ሲም ካርድ አውጡ።

የሰዓት ነገርም አለ። አባትህን ደስ የሚላቸው ይመስለኛል። በስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጠረው እንደኛው ነው፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሉ የኛው አንድ ሰዓት ነው። ትኬት ላይ የሚታተመው ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 20:00 ካለ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ማለት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

የኢትዮጵያ ቡድን ካለፈ እሰየው። ባያልፍም አትቅሩ። አባትህ ኳስ ይወዳሉ፤ የግብፁ ሳላህም የናይጄሪያው ኦሲመንም ሜዳ ላይ ሲሮጡ ቢያዩ ይደሰታሉ።

አንድ የቤት ሥራ ልስጥህ። ትኬት ከመግዛትህ በፊት አንድ ቅዳሜ አባትህን ሆጤ ሜዳ ውሰዳቸው። የትኛውም ቡድን ይጫወት፣ 90 ደቂቃውን ሙሉ አብረሃቸው ተቀመጥ። ደረጃ ስንት ጊዜ አረፍ ብለው ወጡ? በሰው መሃል ሽንት ቤት ለመሄድ ተቸገሩ? ሕዝቡ ሲነሳ አብረው መነሳት ቻሉ? ልብ ብለህ እይ። ከታች ረድፍ ይሁን ከላይ፣ ከመውጫው አጠገብ ይሁን ከመሃል፣ የናይሮቢውን ወንበር የምትመርጠው ያን ቀን ባየኸው ነው።