በግቢዬ የተከልሁትን ባሕር ዛፍ ንቀል ተባልሁ

ጥያቄ፦ ጎንደር ውስጥ ካርታ ባለው ግቢዬ ጌሾና ቡና አለኝ፤ በአጥሩ ጥግ ደግሞ ባሕር ዛፍ ተክያለሁ። ጎረቤቴ ዛፉ የጓሮ አትክልቱን እንዳጠወለገበት ለቀበሌው በማመልከቱ፣ የመጡት ሠራተኛ ባሕር ዛፉን እንድነቅል በቃል አዘዙኝ። በገዛ ይዞታዬ ላይ የምተክለውን ሌላ ሰው ሊወስንልኝ ይችላል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አስተዳደሩ ገደብ ሊያደርግ ይችላል፤ ውሳኔው ግን ምክንያቱ ተገልጾ በጽሑፍ ሊደርስዎት ይገባል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ስለሚደነግግ፣ ካርታዎ የሚያረጋግጥልዎት በቦታው የመጠቀም መብትዎን ነው፤ በጉልበትዎና በገንዘብዎ ያፈሩት ንብረት ግን የእርስዎ እንደሆነ ያው አንቀጽ ይደነግጋል። ዛፍዎ በዘፈቀደ ሊነቀል አይገባም የምንለውም ከዚህ ተነሥተን ነው።

የጎረቤትዎም አቤቱታ መሠረት አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225፣ ባለንብረት በቦታው ሲጠቀም ጎረቤቱን ከመጉዳትና ከማወክ እንዲቆጠብ ያዝዛል። ባሕር ዛፍ ፈጥኖ የሚያድግና ውኃን በብዛት የሚስብ በመሆኑ፣ በጠባብ ግቢ አጥር ሥር ሲተከል የጎረቤትን ጎመንና ቃሪያ በጥላውም በሥሩም ይጎዳል። ሥር በድንጋይ ላይ ያለውን ኃይል ለማየት የሚፈልግ በፋሲል መዋኛ ግንብ ላይ የተጠመጠመውን የዋርካ ሥር ይመልከት፤ የግቢ አጥርማ ከዚያ ግንብ ይልቅ ደካማ ነው። ቅርንጫፉ ወደ መብራት መስመር የሚደርስ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ከጎረቤት ጠብ ያለፈ የሰው ሕይወት ጉዳይ ስለሆነ፣ ራስዎ ለመቁረጥ ሳይሞክሩ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ያመልክቱ።

ለጌሾውና ለቡናው አይሥጉ። ከአጥርዎ ውጭ ያለው የመንገድ ዳር ግን የሕዝብ ስለሆነ፣ እዚያ ያለ ፈቃድ መትከል አይገባም። ቤትዎ በፋሲል ግንብ አካባቢ ከሆነ ደግሞ፣ ስፍራው ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ በመሆኑ ትልልቅ ዛፍ ከመትከልዎ በፊት የቅርስ ባለሙያ ማማከር ይገባዎታል።

ስለዚህ የካርታዎን ቅጂ ይዘው ማዘጋጃ ቤት ይሂዱና የከተማው ፕላን በይዞታዎ ላይ ያስቀመጠውን ገደብ ይጠይቁ፤ የቀበሌው ትእዛዝም በጽሑፍ እንዲሰጥዎት ያመልክቱ። ጽሑፍ ከሌለ ለክፍለ ከተማው ቅሬታ ማቅረብ ያስቸግርዎታል። እኛ ግን ከክርክሩ በፊት ከጎረቤትዎ ጋር በሽማግሌ ፊት ቢነጋገሩ እንመርጣለን፤ በዛፉ ቦታ ኮሽም ቢተክሉ እሾሁ አጥር ይሆንልዎታል፤ ፍሬውም ይበላል። ባሕር ዛፍ ከጉቶው መልሶ የሚያቆጠቁጥ በመሆኑም፣ ስምምነታችሁ ሲጻፍ ጉቶውን ማን፣ በማን ወጪና እስከ መቼ እንደሚያወጣው አብሮ ይጻፍ።