ለክረምት ማታ ምን እናንብብላቸው? (ከሐዋሳ ለጠየቅሽን እናት)

እህቴ፣ ጥያቄሽን ዛሬ ጠዋት ነው ያየሁት። የ5 ዓመት ሴትና የ8 ዓመት ወንድ ልጅ አሉሽ። ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቤት ያስገባቸዋል። ማታ ማታ ጮክ ብለሽ ልታነቢላቸው አስበሽ ኢንተርኔት ላይ ብትፈልጊ፣ የክረምት መጻሕፍት የተባሉት ሁሉ ስለ በረዶና ስለ ገና ዛፍ ሆኑብሽ። እኔም የዛሬ ስድስት ዓመት እንዳንቺው ግራ ገብቶኝ ነበር። ሦስት ልጆች አሉኝ፤ ክረምት በመጣ ቁጥር አነብላቸዋለሁ። ያየሁትን ልንገርሽ።

የፈረንጆቹ ክረምት ታኅሣሥና ጥር ነው፤ ያኔ እኛ በጋ ላይ ነን። የእኛ ሐምሌ ደግሞ በእነሱ መጽሐፍ ውስጥ ልጆች ባሕር ዳርቻ አሸዋ የሚቆፍሩበት ወር ነው። የበረዶ መጽሐፍ አትግዢ ማለቴ አይደለም፤ ልጆቼም ይወዱታል። ለክረምት ማታ ግን ልጅሽ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ የምታየው ነገር መጽሐፉ ውስጥ ሲኖር ነው ጆሮዋ የሚቆመው። ጭቃ። ነጎድጓድ። የበቆሎ እሸት ጥብስ። ጉም ሲለብስ የሚጠፋው ታቦር ተራራ። ሐይቅ ዳር ዝናብ እየወረደበት ክንፉን ሰብስቦ የሚቆመው አባ ኮዳ።

አንድ ማታ ስለ ዝናብ ጠብታ ጉዞ የሚተርክ ቀጭን መጽሐፍ ሳነብ መካከለኛው ልጄ አቋረጠኝ። «እማ፣ ጥቁር ውሃ ወንዝ ሐይቃችን ውስጥ ይገባል። በየት ይወጣል?» አለኝ። ከሐዋሳ ሐይቅ የሚወጣ ወንዝ የለም። ውሃው በፀሐይ ይተናል፣ ወደ መሬትም ይሰርጋል። ይህን ስነግረው መጽሐፉን ከእጄ ወስዶ ጠብታዋ ተንና ወደ ደመና የምትወጣበትን ገጽ ደግሞ ደግሞ አየ። በነጋታው ሐይቅ ዳር ካልወሰድሽኝ ብሎ አስቸገረኝ። ለ8 ዓመቱ ልጅሽ እንዲህ ያለውን ፈልጊለት። ተረት ብቻ አይበቃውም።

አሁን ዋናው ነገር። ለጮክ ብሎ ንባብ መጽሐፍ የሚመረጠው በጆሮ ነው። ይህን ያስተማረኝ ቆርቆሯችን ነው። ቤታችን ያኔ ኮርኒስ አልነበረውም። ሐምሌ ላይ ረዥም ታሪክ ይዤ ተቀመጥኩ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ዶፉ ወረደ። ድምፄን ከፍ አደረግሁ፣ ከዚያ ጮህኩ፣ ጉሮሮዬ ተዘጋ። ትንሿ ፊቴን ትክ ብላ አይታ «እማ፣ አፍሽ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ለሐምሌ የምመርጠው በየገጹ አንድ ሐረግ እየተመላለሰ የሚመጣበትን መጽሐፍ ነው። ዶሮዋ በየገጹ መጨረሻ «እኔ አላየሁም!» የምትል ከሆነ ልጆቹ በሁለተኛው ማታ ይይዙታል። ዝናቡ ሲበረታ እኔ ዝም እላለሁ፤ ሥዕሉን አሳያቸዋለሁ፣ እነሱ ይጮሁታል። ለ5 ዓመቷ ልጅሽ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

ቋንቋውንም እንዲሁ በጆሮሽ ለኪው። ብዙ የልጆች መጽሐፍ የተጻፈው እንደ መማሪያ መጽሐፍ ነው። «ዝናብ እየዘነበ ነበር። ልጁ ቤት ውስጥ ነበር። ልጁ ደስተኛ ነበር።» እንዲህ ያለ ነገር ስታነቢ አንቺም ታዛጊያለሽ። አማርኛችን ግን ለክረምት የተፈጠረ ነው የሚመስለው። ሰማዩ ጉርምርም ይላል። መብረቁ ብልጭ ይላል። ጠብታው ጠብ ጠብ ይላል። ፀሐይዋ እልም ትላለች፣ ደግሞ ቦግ ትላለች። እነዚህ ቃላት ያሉበት መጽሐፍ ራሱ ያስነብብሻል። ስለዚህ ስትገዢ ሱቁ ውስጥ ቆመሽ ሁለት ገጽ ድምፅ አውጥተሽ አንብቢ። ባለሱቁ ቢያይሽ ይይሽ። እኔ አንድ ጊዜ ሽፋኑ አምሮኝ አራት መጽሐፍ ሳልገልጥ ገዛሁ። ዓረፍተ ነገሮቹ ከሌላ ቋንቋ በቁማቸው የተገለበጡ ስለነበሩ አንዱንም እስከ መጨረሻው ማንበብ አልቻልኩም። ገንዘቡ እስካሁን ይቆጨኛል።

ቤት ከገባሽ በኋላም ልጆቹ ሳይመጡ አንድ ጊዜ ለብቻሽ አንብቢው። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። «ገና» ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ነው፤ ሲጠብቅ በዓሉ ነው። እኔ «በጉ ይበላል» የሚለውን አጥብቄ አነበብኩት። በጉ ሣር ሊበላ ነበር፤ እኔ አስበላሁት። ትንሿ እንባዋ ዱብ ዱብ እያለ «ማን ነው የሚበላው?» ስትል ነው የገባኝ። አስቀድሜ ባየው ኖሮ ያ ማታ በለቅሶ አያልቅም ነበር።

መብራት እንደሚጠፋም አስቢ። ጀርባው የጠቆረ ሥዕል በሻማ አይታይም። ስስ ወረቀት ከሆነ የኋላው ገጽ ያሳልፋል፣ ፊደሉ ይደባለቃል። ትልልቅ ፊደልና ነጣ ያለ ገጽ ምረጪ።

የጅብ ተረት ነጎድጓድ ባለበት ማታ አታንብቢ። እኔ አንብቤ ትልቋ ልጄ ሳምንት ሙሉ ብቻዋን ሽንት ቤት አልወጣም ብላለች። የሚያስፈራውን ቀን አንብቢው፣ ዝናቡ ካፊያ ሲሆን። ለነጎድጓድ ማታ እንቆቅልሽ ይሻላል። «እንቆቅልህ» ስትዪ «ምን አውቅልህ» ይሉሻል፤ ልባቸው ከመብረቁ ላይ ይነሣል።

ወሮቹንም ተከተያቸው። ሐምሌ የዝናብና የእንስሳት ይሁን። ነሐሴ 13 ቡሄ ነው፤ ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት ጅራፍና ሙልሙል ያለበት ታሪክ ካገኘሽ ሰፈሩ ሲጮህ ልጆችሽ የሚጮኸው ነገር ምን እንደሆነ ያውቃሉ። ቤታችሁ በዓሉን ባያከብርም ጎረቤት ያከብራል። ጳጉሜ ላይ ለትልቁ ልጅሽ ስለ ዘመን አቆጣጠራችን አንብቢለት። በ2015 ጳጉሜ 6 ቀን ነበረች፣ በ2019ም 6 ትሆናለች፤ በመሃል ያሉት 5፣ 5 ናቸው። ልጄ ይህን ሲሰማ የልደቱን ዓመት ጳጉሜ ቁጭ ብሎ አሰላ። ጳጉሜ 3 ሩፋኤል ነው። ልጆች ዝናቡ ውስጥ እየዘለሉ የሚታጠቡበት ቀን ስለሆነ ያን ማታ መጽሐፍ አትምረጪ። ፎጣ ላይ አስቀምጠሽ የእኔ እናት እንዴት እንዳጠበችኝ ብለሽ የራስሽን ተርኪ። አደይ አበባ ያለበትን መጽሐፍ ለመጨረሻዋ ማታ አቆዪው።

የት አገኛለሁ ላልሽው፣ አዲሱ ብቻ አያምርሽ። አፍሪካን ስቶሪቡክ የሚባለው፣ ከደቡብ አፍሪካ የተነሣው ድረ ገጽ በአማርኛም ታሪኮች አሉት፤ በነፃ አውርዶ ማተም ይቻላል። በቀለም ማሳተም ውድ ስለሆነ እኔ በጥቁርና ነጭ አሳትማለሁ። አንብበን ስንጨርስ ልጆቹ ራሳቸው ቀለም ይቀቡታል፣ እኔ በመርፌና በክር እሰፋዋለሁ። መጽሐፍ ወደ ልጆች መሄድ እንዳለበት የገባኝ እዚሁ ከተማችን ነው፤ አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ከመሠረቱት አንዱ የሆኑበት ኢትዮጵያ ሪድስ አህያ የሚጎትተው የመጻሕፍት ጋሪ ሐዋሳ ላይ ነበረው።

የሰፋኋቸው ሰባት አሉ። ሁለቱ የዝናብ፣ አንዱ የጉሬዛ፣ አንዱ የዓሣ አጥማጅ ነው፤ የቀሩት ተረቶች ናቸው። ትንሿ ልጄ ጉሬዛዋን ሐምራዊ ቀብታታለች። ከፈለግሽ ወስደሽ ፎቶ ኮፒ አድርጊና መልሺልኝ፤ የጉሬዛዋን ግን ቶሎ፣ አሁንም በየማታው ትጠይቀኛለች።