ፖይዝን አይቪ በጓሮ አትክልት ውስጥ፦ ጥያቄና መልስ

በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል በአትክልተኝነት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ሙቀቱ በገባ ቁጥር ቆዳን የሚያሳክክና ውሃ የሚያስቋጥር ሽፍታ ስለሚያወጣው ስለዚህ ሐረግ የሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች ስለሚበዙ፣ የደረሱኝን ከነመልሳቸው አቀርባለሁ። አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው ሰውን የሚጎዳው በተክሉ ጭማቂ ውስጥ የሚገኝ ኡሩሺዮል የተባለ ዘይት መሆኑ ነው። ዘይቱ በቅጠሉም፣ በግንዱም፣ በሥሩም አለ። ከዚህ በታች የምሰጠው ምክር ሁሉ ይህ ዘይት ከምን ወደ ምን እንደሚተላለፍ ከመከታተል የመጣ ነው።

ጥያቄ፦ ከአጥራችን ሥር ሦስት ሦስት ቅጠል ያለው ተክል በቅሏል። ጎረቤታችን ሦስት ቅጠል ያለውን ሁሉ እንዳንነካ ነገሩን። እውነት ሁሉም ፖይዝን አይቪ ነው?

መልስ፦ አይደለም። የጎረቤትዎ ምክር ለጥንቃቄ ይበቃል፣ ለመለየት ግን አይበቃም። ሳይነኩ ጠጋ ብለው መካከለኛዋን ቅጠል ይመልከቱ፤ እርሷ ረዘም ያለ ዘንግ ሲኖራት፣ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለቱ ግን ዘንግ የሌላቸው እስኪመስሉ ድረስ ተጠግተው የተለጠፉ ናቸው። የጎኖቹ ቅጠሎች ብዙውን ጊዜ ሁለት እኩሌታቸው አይመጣጠንም፤ በውጭ በኩል ያለው ሰፋ ይላል፣ አንዳንዴም እንደ አውራ ጣት ወጣ ያለ ጉብታ ይኖረዋል። ቀጥለው ወደ ግንዱ ይውረዱ። ሦስት ሦስቱን ቅጠል የያዙት ዘንጎች አንዱ በቀኝ፣ ቀጣዩ ከፍ ብሎ በግራ፣ እየተፈራረቁ ከወጡ ጥርጣሬዎ ይጠንክር፤ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ከወጡ ግን ቦክስ ኤልደር የሚባለው የሜፕል ዛፍ ችግኝ ሳይሆን አይቀርም። ይህ ችግኝ እጅግ ስለሚመስለው እኔም እስከ ዛሬ ሁለት ጊዜ ሳላየው አላልፍም። እሾህ ካለው የብላክቤሪ ዘር ነው። ቨርጂኒያ ክሪፐር ደግሞ አምስት ቅጠል አለው፤ ለጋ ቀንበጡ አልፎ አልፎ ሦስት ብቻ ስለሚያወጣ ግን ሌላውን የሐረጉን ክፍል ጭምር ማየት ይገባል።

በቅጠሉ ማብለጭለጭ ወይም በጠርዙ መሰንጠቅ ላይ አይመኩ፤ በአንድ ሐረግ ላይ እንኳ ይለያያል። ቀለሙም ከወር ወር ይለወጣል፦ ሲያቆጠቁጥ ቀላ ይላል፣ በበጋው ይለመልማል፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት ቢጫና ደማቅ ቀይ ይሆናል። ነጣ ያሉ ጥቃቅን ፍሬዎች በዘለላ ካዩ ተጨማሪ ማስረጃ አግኝተዋል።

ጥያቄ፦ ቅጠሉ ከረገፈ በኋላስ በምን ይታወቃል? ጉዳትስ ያደርሳል?

መልስ፦ ያደርሳል፤ ዘይቱ ከቅጠሉ ጋር አይረግፍም። ዛፍ ላይ የወጣ ያረጀ ሐረግ የሚታወቀው ከዛፉ ቅርፊት ጋር ባጣበቁት ጸጉር መሰል ሥሮች ነው። ጥቅጥቅ ብለው ከመብቀላቸው የተነሣ ግንዱ የተፈታ የቃጫ ገመድ ይመስላል። ሥራ በጀመርሁበት የመጀመሪያ ዓመት እንዲህ ያለውን ደረቅ የመሰለኝን ሐረግ በባዶ እጄ ይዤ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ላይ ጎትቼ አወረድሁት፣ ተሸክሜም አወጣሁት። አንገቴና ሁለት ክንዶቼ ለሦስት ሳምንት ያህል እንቅልፍ ነሱኝ።

ጥያቄ፦ በልጅነቴ የማውቀው ሳማ ሲነካኝ ወዲያው ያቃጥለኝ ነበር። ይህን ስነቅል ግን ምንም አልተሰማኝም፤ በሁለተኛው ቀን ክንዴ አብጦ ውሃ ቋጠረ። ከዚህ ተክል ሊሆን ይችላል?

መልስ፦ ይችላል፣ መዘግየቱም መለያው ነው። ሳማ በጥቃቅን እሾሆቹ የሚያቃጥል ፈሳሽ ቆዳ ውስጥ ስለሚወጋ ሕመሙ በቅጽበት ይመጣል። ኡሩሺዮል ግን ድምፁን አጥፍቶ ቆዳ ውስጥ ይገባና የሰውነት መከላከያ እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲነሣበት ነው ሽፍታው የሚወጣው። ቀደም ሲል ተነክቶ በሚያውቅ ሰው ላይ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 48 ሰዓት ይወስዳል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በተነካ ሰው ላይ ግን ከ1 እስከ 3 ሳምንት ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ «እኔን አይነካኝም» የሚሉትን አይመኑ። አብዛኛው ሰው ለዚህ ዘይት አለርጂ አለው፤ ለዓመታት ምንም ሳይሆን የኖረ ሰውም አንድ ቀን ሊጀምረው ይችላል።

ጥያቄ፦ አሁን በስሕተት ነካሁት። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ማንበቡን ትተው ይታጠቡ፤ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚደረገው መታጠብ ሰዓታት ካለፉ በኋላ ከሚደረገው በእጅጉ ይበልጣል። እጅዎ ላይ የማይታይ የሞተር ቅባት እንደተቀባ ይቁጠሩት። ቅባት በውሃ ብቻ እንደማይለቅ ሁሉ ይህም አይለቅም፤ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አድርገው፣ በጨርቅ አሸት አሸት እያደረጉ፣ በብዙ ውሃ ደጋግመው ያለቅልቁ። የጥፍርዎን ሥር አይርሱ፤ ሳይታጠቡ ፊትዎን ወይም ዓይንዎን አይንኩ። ልብስዎን ጓንት አድርገው ያውልቁና ከሌላ ልብስ ለይተው በሙቅ ውሃና በሳሙና ያጥቡት።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ላይ ሽፍታው በየቀኑ አዲስ ቦታ እየወጣ ነው። ከቋጠረው ውሃ ይሆን የሚዛመተው? ልጆቹንስ ይይዛቸዋል?

መልስ፦ ውሃው ውስጥ ኡሩሺዮል የለም፤ ሽፍታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በየቀኑ አዲስ የሚመስለው፣ ዘይቱ በብዛት የነካው ወይም ስስ ቆዳ ያለበት ቦታ ቀድሞ ሌላው ዘግይቶ ስለሚያሳይ ነው። ነገር ግን ያልታጠበ ጫማ፣ የመኪና መሪ ወይም የአካፋ እጀታ በየቀኑ እየነኩ ከሆነ በእርግጥም በየቀኑ አዲስ እየያዛቸው ነውና እርሱን ይፈትሹ።

ጥያቄ፦ ማከሚያው ምንድን ነው? ሐኪም ዘንድ የሚያስኬደውስ መቼ ነው?

መልስ፦ እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ በሰፊው የሚመከረውን እነግርዎታለሁ። ቀላል ሽፍታ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ውስጥ በራሱ ይድናል። ማሳከኩን ለማስታገስ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ፣ ካላሚን የተባለው የሚቀባ ማስታገሻ፣ ወይም አንድ በመቶ ሃይድሮኮርቲዞን ያለው ቅባት ይረዳል። ሽፍታው ፊትን፣ ዓይንን ወይም የመራቢያ አካልን ከነካ፣ ሰፊ የሰውነት ክፍል ከሸፈነ፣ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ካስከተለ ሐኪም ማየት ይገባል። ሐኪሙ ስቴሮይድ የተባለውን፣ የሰውነትን መቆጣት የሚያበርድ የሚዋጥ መድኃኒት ካዘዘ ቀለል እንዳለዎት አያቋርጡት፤ ቶሎ ሲቋረጥ ሽፍታው ተመልሶ ይነሣል። የመተንፈስ ችግር ከመጣ ወዲያውኑ 911 ይደውሉ።

ጥያቄ፦ ከግቢዬ እንዴት ላጥፋው?

መልስ፦ እንደ መጠኑ ነው። ትንንሽ ችግኞችን አፈሩ በራሰበት ቀን ከነሥራቸው መንቀል ይቻላል። ረጅም እጅጌና ሱሪ፣ ካልሲ ከሱሪ በላይ፣ እንዲሁም ወፍራም የፕላስቲክ ጓንት ያስፈልጋል፤ ዘይቱ በስሱ የላቴክስ ጓንት ውስጥ ያልፋል፣ የጨርቅ ጓንት ደግሞ ዘይቱን ጠጥቶ ያቆያል። እኔ ለጥቂት ችግኝ የምጠቀመው ዘዴ ቀላል ነው፦ ረጅም የዳቦ ከረጢት እጄ ላይ እንደ ጓንት አጠልቃለሁ፣ ችግኙን ይዤ እነቅላለሁ፣ ከዚያም ከረጢቱን በላዩ ላይ ገልብጬ አፉን አስራለሁ። የነቀሉትን ኮምፖስት (የብስባሽ ማዳበሪያ) ውስጥ አይጨምሩ፤ በከረጢት አስረው በአካባቢዎ የቆሻሻ ደንብ መሠረት ያስወግዱ። መሬት ውስጥ የቀረ የሥር ቁራጭ እንደገና ስለሚያቆጠቁጥ በየሁለት ሳምንቱ ይመለሱበት። በሣር ማጨጃ ወይም በሚሽከረከር ገመድ መቁረጫ ማጨድ ግን ጭማቂውን በእግርዎና በፊትዎ ላይ መርጨት ነው።

ዛፍ ላይ የወጣ ወፍራም ሐረግ ከሆነ ጎትተው ለማውረድ አይሞክሩ። ከመሬት ጥቂት ከፍ ብሎ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ በላይ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀው ሌላ ጊዜ በእጅ መጋዝ ይቁረጡና መካከሉን ያውጡ፤ የላይኛው እዚያው ተንጠልጥሎ ይድረቅ። ጉቶው ላይ ግላይፎሴት ወይም ትሪክሎፒር ያለበትን ፀረ-አረም መድኃኒት እንደተቆረጠ ወዲያው በብሩሽ ይቀቡት፤ ቁርጡ ከደረቀ መድኃኒቱ ወደ ሥሩ በደንብ አይወርድም። መሬት ላይ የተንሰራፋውን ቅጠሉ ለምለም ሳለ፣ ነፋስ በሌለበት ቀን መርጨት ይቻላል፤ ግላይፎሴት የነካውን አረንጓዴ ተክል ሁሉ ስለሚገድል ጽጌረዳዎ አጠገብ ከሆነ ብሩሹ ይሻላል። በመድኃኒቱ መያዣ ላይ የተጻፈው መመሪያ ከእኔ ቃል ይበልጣል።

ጥያቄ፦ የቆረጥሁትን ባቃጥለውስ?

መልስ፦ በፍጹም። ዘይቱ በጭሱ ውስጥ ካሉ ብናኞች ጋር ወደ ጉሮሮና ሳንባ ይገባል፤ ይህ ለሕይወት የሚያሰጋ ነው። ለማገዶ የሚቆረጥ እንጨት ላይም ጸጉራሙ ሐረግ ተጣብቆ እንዳልቀረ ይታይ።

ጥያቄ፦ ውሻችን በውስጡ ይሮጣል፤ እርሱ ግን ምንም አይሆንም።

መልስ፦ ጸጉሩ ስለሚከላከልለት ነው። ዘይቱን ግን ጸጉሩ ላይ ተሸክሞ ወደ ቤት ይገባል፤ ጓንት አድርገው በሳሙና ያጥቡት።

ጥያቄ፦ ማንጎ ስልጥ ከንፈሬ ያሳክከኛል። ግንኙነት አለው?

መልስ፦ ሊኖረው ይችላል። ማንጎና ፖይዝን አይቪ ከአንድ የተክል ቤተሰብ ናቸው፤ በማንጎ ልጣጭ ውስጥ ከኡሩሺዮል ጋር የሚመሳሰል ንጥረ ነገር አለ። ሌላ ሰው ልጦ ቢሰጥዎ ብዙውን ጊዜ ችግር አይኖርም።

ጥያቄ፦ ነቅዬ ጨርሼው ነበር፤ በዓመቱ ከአጥሩ ሥር እንደገና በቀለ። ከየት መጣ?

መልስ፦ ከወፎች። ፍሬውን ይበሉትና አጥርና ቅርንጫፍ ላይ አርፈው ዘሩን ይጥሉታል። በዚያ ላይ ዘመኑ ለዚህ ሐረግ ተመችቶታል፤ በዱክ ዩኒቨርሲቲ ደን ውስጥ ተካሂዶ በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጨምር ፖይዝን አይቪ በፍጥነት እንደሚያድግና ዘይቱም ይበልጥ አለርጂ የሚቀሰቅስ ዓይነት እንደሚሆን አሳይቷል። ሁለት ቅጠል ሳለ መንቀል ቀላል ስለሆነ፣ በየዓመቱ በማቆጥቆጫው ወቅት አጥርዎን አንድ ጊዜ ይዙሩ።

ጥያቄ፦ ባለፈው ዓመት የቆረጥሁበት መጋዝ ሳይታጠብ ተሰቅሎ ነው የከረመው። አሁንም ያሰጋል?

መልስ፦ ያሰጋል፤ በደረቅ ቦታ ያለ ኡሩሺዮል ከአንድ ዓመት በላይ ኃይሉን ይዞ ሊቆይ ይችላል። ጓንት አድርገው ያውርዱት፣ ስለቱንም እጀታውንም በአልኮል ጠርገው በሳሙናና በውሃ ያጥቡት፣ እንዳይዝግ አድርቀው ዘይት ይቀቡት። የዚያን ዕለት የተጫሙትን ጫማ ክርም አብረው ያጥቡት።