ቢዩሬቱን ማን ይይዛል?

የእህቴ ልጅ ባለፈው ሳምንት ደወለችልኝ። አሜሪካ ውስጥ ሴቶች ብቻ የሚማሩበት አንድ ኮሌጅ ተቀብሏታል። «አክስቴ፣ ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ?» አለችኝ። አባቷ «ገዳም ልትገቢ ነው እንዴ?» እያለ ያሾፍባታል አሉ። እኔም ከብዙ ዓመት በፊት ማሳቹሴትስ ወደሚገኝ እንዲህ ያለ ኮሌጅ ስሄድ የተባልኩት ይህንኑ ነው። እሷን በስልክ ያልኳትን ሰፋ አድርጌ ልጻፈው፤ በልቧ ይኸው ጥያቄ ያለባት ሁሉ ለእኔ ነው ብላ ታንብበው።

ሁለተኛ ደረጃ ስማር ኬሚስትሪ ላብራቶሪ ውስጥ ስድስት ሆነን አንድ ጠረጴዛ እንከብ ነበር፤ አራት ወንድ፣ ሁለት ሴት። ቢዩሬቱን፣ ማለትም ፈሳሽ ጠብ ጠብ እያደረጉ የሚለኩበትን ረጅም የመስታወት ቱቦ፣ የሚይዘው ሁልጊዜ ከወንዶቹ አንዱ ነው። እኔ ጽሕፈቴ ያምር ስለነበር ደብተር ይዤ «ሃያ ሁለት ነጥብ አራት» ሲሉኝ እጽፋለሁ። ማንም ከልክሎኝ አያውቅም። እኔም አንድ ቀን «እስቲ ስጡኝ» ብዬ አላውቅም። ፈተና ላይ ከሁሉም እበልጥ ስለነበር የጎደለኝ ነገር መኖሩ እንኳ አልታየኝም።

ኮሌጅ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት መምህርቷ ጥንድ ጥንድ አድርጋ መደበችን። ባልደረባዬ ቢዩሬቱን እስክታነሳ ቆሜ ጠበቅኩ። እሷም ቆማ ትጠብቀኛለች። ተያየን። ለካ እሷም በአገሯ ጸሐፊ ነበረች! በመጨረሻ እኔ ያዝኩት፤ ቀስ ብዬ ጠብ ጠብ ላደርገው ብል እጄ ተንቀጠቀጠና ፈሰሰ። ፈዘዝ ያለ ሮዝ መሆን የነበረበት ፈሳሽ ቦግ ያለ ደማቅ ሮዝ ሆኖ ቁጭ አለ። ደፍተን እንደገና ጀመርን፤ ደግመን ደፋን። በአራተኛው ነው የተሳካልን። የሴቶች ኮሌጅ ምን ይጠቅማል ስባል መጀመሪያ ዓይኔ ላይ የሚመጣው ያ የተበላሸ ፈሳሽ ነው።

ሁሉም ሴት በሆነበት ክፍል «ይህ የሴት ነው» ተብሎ የሚተው ወንበር የለም። የተማሪዎች ኅብረት ፕሬዚዳንቷ ሴት፣ ገንዘብ ያዧ ሴት፣ የሮቦት ቡድኑ መሪ ሴት፣ ስብሰባው ሲያልቅ ወንበር የምትሰበስበውም ሴት። መጀመሪያ ሰሞን ይህ ብዙም አይታይሽም። ሦስተኛ ዓመት ላይ ስትደርሺ ግን እጅሽን ለማውጣት ሁለቴ ማሰብ እንደተውሽ ድንገት ትገነዘቢያለሽ። መልሱን ሳታውቂም ታወጫለሽ፤ ለእኔ ትልቁ ለውጥ ይህ ነበር።

እነዚህ ኮሌጆች ለጌጥ የተቋቋሙ አይደሉም። ሜሪ ላየን የምትባል መምህርት ዛሬ ማውንት ሆልዮክ የሚባለውን እ.ኤ.አ. በ1837 ስትከፍት ለሴቶች ከፍተኛ ትምህርት የሚሰጥ በር ከሞላ ጎደል ዝግ ነበር። አረንጓዴ የከፋይ ቦርሳ ይዛ እየዞረች ነው ገንዘቡን የለመነችው፤ ከሰጧት ብዙዎቹ ሳንቲም የቆጠሩ ሴቶች ናቸው። ራሷ የኬሚስትሪ መምህር ነበረች። ይህን ያወቅኩት ከተመረቅኩ በኋላ ነው፤ ያኔ ባውቅ ኖሮ ስለ ደፋሁት ፈሳሽ ያን ያህል ባላፈርኩ።

እነዚህ ኮሌጆች የሚሰጡት ትምህርት «ሊበራል አርትስ» ይባላል፤ ከየዘርፉ እየቀመሱ የሚማሩት ሰፊ ትምህርት ማለት ነው። ቃሉ ብዙ ወላጅ ያስደነግጣል፤ ሥዕልና ግጥም ብቻ ይመስላቸዋል። ሒሳብም፣ ባዮሎጂም፣ ኮምፒውተር ሳይንስም አለበት። ስትገቢ ዲፓርትመንት አይመደብልሽም፤ አብዛኛውን ጊዜ እስከ ሁለተኛው ዓመት መጨረሻ እየቀመስሽ ትቆዪና ትመርጫለሽ። ፍራንሲስ ፐርኪንስ እዚያው ማውንት ሆልዮክ ፊዚክስ ነበር ያጠናችው። በኢኮኖሚ ታሪክ ኮርስ ምክንያት ፋብሪካ ገብታ የሠራተኛውን ኑሮ በዓይኗ አየች። በ1933 የአሜሪካ የሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስትር ስትሆን በካቢኔ ውስጥ የተቀመጠች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ነበረች። ፊዚክስ ብቻ ብትማር ምን ትሆን እንደነበር እንጃ።

ከሁሉም ለእኔ የምትቀርበኝ ግን ቨርጂኒያ አፕጋር ናት፤ በ1929 ከዚያው ኮሌጅ የተመረቀች። ሕክምና ተምራ ቀዶ ሐኪም ልትሆን ስትል አለቃዋ መከራትና ወደ ሰመመን ሕክምና ዞረች። በዚያ በኩል ማዋለጃ ክፍል ገብታ በ1952 አዲስ የተወለደ ሕፃን ያለበት ሁኔታ የሚለካበትን፣ ስሟን የያዘውን የአፕጋር ነጥብ አወጣች፦ የልብ ምት፣ ትንፋሽ፣ የጡንቻ ጥንካሬ፣ ሲነካ የሚሰጠው ምላሽ፣ የቆዳ ቀለም፤ እያንዳንዱ ከዜሮ እስከ ሁለት፣ ድምሩ ከአሥር። እኔ የሕፃናት ሐኪም ነኝ። ሕፃን በተወለደ በአንደኛውና በአምስተኛው ደቂቃ ይህን ቁጥር ስንት ሺህ ጊዜ እንደጠራሁ አላውቅም።

ጉድለቱንም ልንገርሽ። ኮሌጆቹ ትንንሽ ናቸው፤ የምትፈልጊው ኮርስ ላይኖር ይችላል። ለዚህ መፍትሔው ጉርብትና ነው። የሴቶቹ ኮሌጆች ስሚዝና ማውንት ሆልዮክ ከጎረቤቶቻቸው ከአምኸርስት፣ ከሃምፕሻየርና ከማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብረው ስለሚሠሩ አውቶቡስ ተሳፍረሽ ሌላው ግቢ መማር ትችያለሽ። ሌላው የሴቶች ኮሌጅ ዌልስሊም ከቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲው ከኤም አይ ቲ ጋር ተመሳሳይ ስምምነት አለው። ስለዚህ ገዳም አይደለም በይው አባትሽን።

ሌላው፣ የኮሌጁን ኪስ ጠይቂ። የሴቶች ኮሌጆች ቁጥር በጣም ቀንሷል። ቫሳር በ1969 ወንድ መቀበል ጀመረ፤ ሚልስ በ2022 ከኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲ ጋር ተቀላቀለ። ስዊት ብራያር በ2015 ሊዘጋ ነው ተብሎ የቀድሞ ተማሪዎቹ ገንዘብ አዋጥተው ነው ያተረፉት። ከውጭ አገር የምታመለክቺ ከሆንሽ ደግሞ ሲቀበሉሽ የመክፈል አቅምሽን ያዩ እንደሆነ፣ ከተቀበሉሽስ የጎደለውን ሁሉ ይሸፍኑ እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቂ። ሐኪም መሆን ከፈለግሽም አስቀድሞ ማወቅ ያለብሽ ነገር አለ፦ አሜሪካ ውስጥ ሕክምና ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ የሚገባበት ነው፤ የውጭ ዜጋ የሚቀበሉት ትምህርት ቤቶችም ጥቂት ናቸው።

«ዓለም የሴት ብቻ አይደለም፤ ስትወጪ ምን ይውጥሻል?» ይሉሻል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ እኔም ፈርቼው ነበር። ስፔሻሊቲ ስማር አንድ ሌሊት የማይተነፍስ ሕፃን ተወለደ። አልጋውን አምስት ሐኪሞች ከበብነው፤ ሴት እኔ ብቻ ነኝ። አንዱ ነርሷን መዝግቢ አላት። ላሪንጎስኮፑ፣ የመተንፈሻ ቱቦ ለማስገባት ጉሮሮን ከፍቶ የሚያሳየው መሣሪያ፣ ትሪው ላይ ተቀምጧል። ሳላስበው በእጄ ይዤው ነበር። ሕፃኑ በአምስተኛው ደቂቃ ስምንት አገኘ።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ልጅ ከነገርኳት በኋላ አንድ ነገር ጠየቅኳት፦ «ላብራቶሪ ስትገቡ ውጤቱን የሚጽፈው ማነው?»

ትንሽ ዝም አለች።

«እኔ ነኝ» አለች። «ጽሕፈትሽ ያምራል ብለው። ማን ነገረሽ?»